ዶቃው፣ ክሩና አደራደሩ፦ የእጅ ጌጥ ሥራ በአንኮበርና በዙሪያዋ

(በአንኮበር ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች በቃል የቀረበ የሕዝብ ትምህርት። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሴ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው፤ መሐሉ የተበሳ ትንሽ የመስታወት ፍሬ፣ ዶቃ። በሙያዬ የታሪክ መምህር ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶቃ ስሰካ እውላለሁ። ለገበያ አልሠራም፤ የምሠራው ለዘመድ ወዳጅ ስጦታ፣ ለራሴም ዕረፍት ነው። ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ለሙያዬ አንድ ጥያቄ አቀበለኝ፤ ለእናንተም የማቀርበው ያንኑ ነው። አንድ የአንገት ጌጥ ዘመን ሲያልፍበት ከእርሱ የሚቀረው ምንድን ነው? የሚጠፋውስ?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ዶቃው ይቀራል፤ ክሩ ይበሰብሳል፤ ከክሩም ጋር አደራደሩ ይጠፋል። የጌጡ ትርጉም በአብዛኛው ያለው ደግሞ በአደራደሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ አደራደርን የሚያውቅ እጅ፣ የባለሙያም ሆነ የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ፣ መዝገብ ቤት የማያስቀምጠውን ዕውቀት ይዟል እላለሁ።

ዶቃው ከየት መጣ?

በአገራችን የመስታወት ዶቃ ታሪክ የረጅም ጉዞ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ምድር ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት የመስታወት ድንጋዮችን ይቆጥራል። ወደ ራሳችን አካባቢ ስንመጣ፣ ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬልና ቤርትራን ፗሶኒየ የተባሉት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የሻይ ባህል ብለው የሰየሙት፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት የነበረ ማኅበረሰብ በዚህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የድንጋይ ክምር መቃብሮችን ትቶ አልፏል። መቃብሮቹ ሲከፈቱ ከሙታኑ ጋር የመስታወት ዶቃዎች ተገኝተዋል። ከሩቅ አገር በባሕርና በሲራራ ተጉዞ የመጣ ዕቃ ከባለቤቱ ጋር መቀበሩ፣ ምን ያህል ይከበር እንደነበር ያሳያል።

ዶቃዎቹ ዛሬም ያበራሉ። ይሁን እንጂ በአንገት ላይ እንዴት ተደርድረው እንደነበር፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር ይውል እንደነበር፣ መሐል ላይ የሚቀመጠው ፍሬ የትኛው እንደሆነ ከዶቃው ብቻ ማንበብ አይቻልም። ክሩ ዐፈር ሆኗል።

ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ አንኮበር የሸዋ መናገሻ ሆና ሳለ ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ ትልቅ የሲራራ ገበያ ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ነጋዴዎች ጨርቅና የመስታወት ዶቃ አምጥተው የደጋውን ምርት ይዘው ይመለሱ ነበር፤ መገበያያው አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሡ የመጣውም በዚሁ የታጁራ መንገድ ነው። ኋላ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ቤተ መንግሥቱ ሲሄድ፣ ከጅቡቲ የተነሣውም የባቡር ሐዲድ ሌላ መንገድ ሲከተል፣ የአልዩ አምባ ገበያ የቀድሞ ስፋቱን አጣ። በገበያው የተገዙት ዶቃዎች ግን ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፉ በየቤቱ ቀሩ።

በዘመኑ በመላው አፍሪካ ከሚሸጡት ዶቃዎች ብዙዎቹ የቬኒስና የቦሄሚያ ሥራዎች ነበሩ። የቬኒስ መስታወት ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1291 እቶናቸውን ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲያዛውሩ ታዘው ነበር፤ ሙያው እዚያው ለዘመናት ጸና። ጥቃቅኑ ዶቃ የሚሠራው እንዲህ ነው። የቀለጠው መስታወት መሐሉ ላይ የአየር ክፍተት ይደረግለታል፤ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው እየተራራቁ ሲሄዱ እንደ ቀጭን መቃ ክፍት የሆነ ረጅም ዘንግ ይወጣል። ዘንጉ ተከትክቶ እንደገና ሲሞቅ የተቆረጠው ጠርዝ ይለሰልሳል። ሌላው ስልት የቀለጠውን መስታወት በብረት ዘንግ ላይ ፍሬ በፍሬ መጠምጠም ነው። በማጉያ መነጽር ብትመለከቱ ልዩነቱ ይታያል፤ በተሳበው ዶቃ ላይ ጥቃቅኑ መስመር ከቀዳዳው አቅጣጫ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ በተጠመጠመው ላይ ቀዳዳውን ይዞራል። እጃችሁ ላይ ያለ አሮጌ ዶቃ ስለ አሠራሩ ሊነግራችሁ የሚችለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ቁጥርና ቅደም ተከተል

አደራደር ትርጉም ይሰጣል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በምታውቁት ነገር ላስረዳ። በኦርቶዶክስ ምእመናን እጅ ያለው መቁጠሪያ፣ አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ» ለማለት የሚያገለግለው፣ ፍሬው ከእንጨትም ከመስታወትም ሊሆን ይችላል። የሙስሊም ወንድሞቻችን ሙስበሃ 33 ወይም 99 ፍሬ አለው። ሁለቱንም ፈትታችሁ በአንድ ሰሐን ላይ ብታፈሱት የምታዩት ፍሬ ብቻ ነው። ጸሎቱን የያዘው ቁጥሩና በየክፍሉ የሚለየው ፍሬ ነው፤ እነዚህን ደግሞ የሚጠብቃቸው ክሩ ነው። በማተብ ላይማ ክሩ ራሱ ምልክት ነው፤ ያለ አንድም ዶቃ ይታሰራል።

«ጨሌ» የሚለው ቃልም እዚህ ላይ ይነሣል። በአንድ በኩል ጥቃቅን የመስታወት ዶቃ ማለት ነው። በሌላ በኩል ለውቃቢ ወይም ለዛር ተብሎ በቤት የሚቀመጠውን የዶቃ ድርድር ይጠሩበታል። በዚህ ሁለተኛ ትርጉሙ ምክንያት ብዙ ቤተሰቦች የአያቶቻቸውን ጨሌ ጥለዋል ወይም አቃጥለዋል። በማንም እምነት ላይ አስተያየት አልሰጥም፤ ውሳኔው የባለቤቱ ነው። እንደ ታሪክ መምህር የምለምነው፣ ከመጣሉ በፊት ፎቶግራፍ እንዲነሣና ፍሬው እንዲቆጠር ብቻ ነው።

የሠሪው ክብር

ይህ ዕውቀት ለምን በጽሑፍ አልሰፈረም? አንዱ ምክንያት ለእጅ ሥራ የነበረን አመለካከት ነው። «ጠቢብ» የሚለው ቃላችን ዐዋቂ ማለት ነው፤ ያው ቃል ግን በሸዋ ለአንጥረኛው፣ ለሸክላ ሠሪውና ለሸማኔው እንደ ስድብ ያገለግል ነበር። ከቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ ሆነው ለንጉሡ የሚሠሩት እጆች እንኳ ከዚህ ንቀት አላመለጡም፤ ጌጡን የወደደ ሰው የጌጡን ሠሪ «ቡዳ» ይለው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል።

የብር ዶቃን ተመልከቱ። አንጥረኛው 1780 የሚል ዓመት የታተመበትንና 28 ግራም ያህል የሚመዝነውን ጠገራ ብር አቅልጦ በስስ ይቀጠቅጠዋል፤ ሁለት ግማሽ ክብ አውጥቶ ይገጥመዋል፤ ብየዳው እንዳይታይ ይሞርደዋል። የሳንቲሙ ብር ከሺህ 833 እጅ ንጹሕ ስለሆነ ጥንካሬውን ከቀረው መዳብ ያገኛል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የሚጽፍ ተማሪ አጠገቡ አልነበረም፤ የሚጽፈውም ሰው ከእርሱ ጋር መቀመጥን ይጸየፍ ነበር። ዛሬ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መርፌና ክር ይዞ ቢቀመጥ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ያንን የተቋረጠ ንግግር ይቀጥላል ብዬ አስባለሁ።

አሠራሩ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ዶቃ፣ ቀጭን መርፌ፣ ጠንካራ ክር፣ ጥቂት ሰምና መቀስ ነው። ገበያ ላይ ያለው ጥቃቅን ዶቃ በቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዶቃው ያንሳል። 11 ቁጥር ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ 8 ቁጥር ሦስት፣ 6 ቁጥር አራት። ጀማሪ በ8 ወይም በ6 ቁጥር ቢጀምር ዓይኑም ትዕግሥቱም አይደክምም።

ዶቃው የሚደረደረው ለስላሳ ጨርቅ ላይ ነው። በአንኮበር ብርድ ጉልበታችን ላይ የምንጥለው ጋቢ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ፍሬው አይንከባለልበትም። ትልቁን ፍሬ መሐል አስቀምጣችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል ውጡ። ክር ከማስገባታችሁ በፊት ተነሥታችሁ ከሩቅ እዩት።

ክሩን መምረጥ ዋናው ጉዳይ ነው። የጥጥ ፈትል በሰም ሲታሽ ውኃ ይቋቋማል፣ አይሳሳም፤ ናይለን ይበልጥ ይጠነክራል። የብር ዶቃ የቀዳዳ ጠርዝ ግን ስለት አለው፤ አንገት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክሩን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ስለዚህ በብር ፍሬ ግራና ቀኝ ትንሽ የመስታወት ዶቃ አስገቡ፤ ጠርዙን ይሸፍነዋል። ከባድ ወይም ውድ በሆኑ ፍሬዎች መካከል ደግሞ ቋጠሮ ይቋጠር። ቋጠሮው ሁለት ጥቅም አለው፤ ፍሬዎቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ ያደርጋል፤ ክሩ ቢበጠስም የሚወድቀው አንድ ፍሬ ብቻ ይሆናል።

ከራሳችን ምድር የወጣ ፍሬ ለመሰካት ለሚፈልግ ኦፓል አለ። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጊሼ በኩል፣ የመዘዞ ኦፓል በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ታወቀ፤ የወሎው የወገል ጤና ኦፓል በ2000 ዓ.ም. ተከተለ። የመዘዞው ቡናማ መልክ ያመዝንበታል፣ ሲደርቅም የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። የወገል ጤናው ውኃ ይመጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ስለዚህ ሽቶ፣ ቅባትና ቀለም የሚለቅ ክር አይንኩት። ኦፓል በመንገድ አቧራ ውስጥ ካለው የኳርትዝ ቅንጣት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ይጫራል፤ በደረቅ ጨርቅ ከመወልወል በፊት አቧራውን እፍ ማለት ይሻላል።

ከመፍታት በፊት መመዝገብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት እናት ክሩ የሳሳ የአንገት ጌጥ አሳዩኝ። «እማማ፣ ልጠግንልዎት?» አልኋቸው። «ልጄ፣ አስቀድመህ ስማኝ» አሉና ፍሬዎቹን በጣታቸው እየነኩ ይቈጥሩልኝ ጀመር። ይህን አባታቸው ከገበያ ያመጡላቸው ነው። ይህኛው በሠርጋቸው ቀን የተጨመረ ነው። እነዚህ ሦስቱ ለሦስት ልጆቻቸው የተጨመሩ ናቸው፤ በአራተኛው ቦታ ላይ ያለው ጥቁር ፍሬ ደግሞ ላላደገ ልጅ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁት ቀለሙ የተዘበራረቀ የዶቃ ክር ነበር። እርሳቸው የሚያነቡት የሕይወታቸውን ታሪክ ነው።

በዚያው ሰፈር የአንዲት ሌላ ሴት ተመሳሳይ ጌጥ በነጋዴ ተገዝቶ ነበር። ነጋዴው እዚያው ደጃፍ ላይ ክሩን በመቀስ ቈርጦ የብሩን ለብቻ፣ አሮጌውን መስታወት ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ ለይቶ በሦስት ከረጢት እንዳደረገው ጎረቤቶች ነገሩኝ። ችግር ያለበት ሰው ንብረቱን ቢሸጥ አይወቀስም፤ ዶቃዎቹም አልጠፉም፣ አንድ ቦታ ተሰክተው ይለበሳሉ። ለዘላለም የጠፋው ቅደም ተከተሉ ነው።

ስለዚህ የትርፍ ጊዜ ሠራተኞች ለሆናችሁና ለምትሆኑ ሁሉ ይህን አሳስባለሁ። አሮጌ ጌጥ ሲመጣላችሁ መቀስ አታንሡ። ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶግራፍ አንሡት። ከማሰሪያው ጀምራችሁ ፍሬዎቹን በተራ ቁጥር ጻፉ። ባለቤቷ እያንዳንዱን ፍሬ ምን ብላ እንደምትጠራው ጠይቁ፤ ፈቃዷን ካገኛችሁ በቃሏ እንዳለ መዝግቡ። የተቋጠረበትን ስልት ሳሉ። አሮጌውን ክር አትጣሉት፤ ወረቀት ላይ ጠቅልላችሁ ከጌጡ ጋር መልሱላት። ከዚያ በኋላ በነበረበት ተራ መልሳችሁ ስኩት።

ይህ ሥራ ላቦራቶሪም በጀትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ሰዓት፣ አንድ ደብተርና የሚያዳምጥ ሰው ነው። በዚህ አዳራሽ ካላችሁ ተማሪዎች እያንዳንዳችሁ በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የአንድ አያት የአንገት ጌጥ ብትመዘግቡ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሰሜን ሸዋ የዶቃ አደራደር መዝገብ መጀመሪያ ይኖረናል። ደብተራችሁን ይዛችሁ ብትመጡ የቢሮዬ በር ክፍት ነው።