ከሺህ ሲቪ መሐል የሚለይ ቃል

ሲቪ ላይ የትኛው ቃል ይግባ ለሚለው ጥያቄ እስካሁን ካየኋቸው መልሶች ሁሉ የሚሻለው የመጣው ከቅጥር ባለሙያ አይደለም። መልሱን የሰጡት በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ካረን ስፓርክ ጆንስ ናቸው። እሳቸውን ያሳሰባቸው የሰነድ ፍለጋ ነበር። ብዙ ሺህ ጽሑፎች በተከማቹበት ቦታ አንድ ሰው በሁለት ሦስት ቃላት ሲጠይቅ፣ ኮምፒውተሩ የሚፈለገውን ጽሑፍ ከማይፈለገው በምን ይለየዋል? እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬም ድረስ የፍለጋ ቴክኖሎጂ አንዱ መሠረት ነው። አንድ ቃል ብዙ ሰነዶች ውስጥ በተገኘ ቁጥር ክብደቱ ይቀንሳል፤ በጥቂቶቹ ብቻ ሲገኝ ክብደቱ ይጨምራል።

ይህ ከሥራ ፍለጋ ጋር የሚገናኘው ሲቪም ዛሬ ከሌሎች ሺህ ሰነዶች ጋር ተከማችቶ የሚፈለግ ሰነድ ስለሆነ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች ማመልከቻ የሚቀበሉት በአብዛኛው በአመልካቾች መከታተያ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ የተላከለትን ሲቪ ከፍቶ ጽሑፉን ያወጣል፤ ስም፣ ትምህርት፣ የሥራ ልምድና ችሎታ ለየብቻ ለማስቀመጥ ይሞክራል። ከዚያም እያንዳንዱ ቃል የትኞቹ ሲቪዎች ውስጥ እንዳለ ይመዘግባል፤ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደሚገኘው የቃላት ማውጫ ማለት ነው። የሰው ኃይል ባለሙያው የአንድ የሒሳብ ሶፍትዌር ስም ጠርቶ «ፒችትሪ» ብሎ ሲጠይቅ ሶፍትዌሩ ሺውን ሲቪ እንደ አዲስ አያነብም። ማውጫውን ከፍቶ ቃሉ ያለባቸውን ይዘረዝራል።

ብዙ ሥራ ፈላጊዎች «ሲቪዬን ማሽኑ ጣለው» ሲሉ ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ማሽኑ በራሱ የሚጥለው በማመልከቻ ቅጹ ላይ ለሚቀርቡ ቀጥተኛ ጥያቄዎች በተሰጠ መልስ ነው፦ የሥራ ፈቃድ አለዎት? የሙያ ፈቃድ አለዎት? ስንት ዓመት ሠርተዋል? የሲቪው ቃላት የሚወስኑት በዝርዝሩ ላይ የት እንደሚቀመጡ ነው። ስምዎ ከመጀመሪያዎቹ ሃያ መሐል ከሆነ ሰው ያየዋል። አራት መቶኛ ከሆነ ግን ማንም ሳይጥለው ሳይታይ ይቀራል። በዚህ ላይ የሚታየውም ቢሆን በጥሞና የሚነበብ አይደለም። ላደርስ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ድረ ገጽ በ2018 የቀጣሪዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ባወጣው ጥናት፣ የመጀመሪያው እይታ በአማካይ 7.4 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል።

ወደ ክብደቱ እንመለስ። ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ አንድ ሺህ ሰው አመለከተ እንበል። የአንድን ቃል ክብደት ለማግኘት የሲቪዎቹን ጠቅላላ ብዛት ቃሉ ላለባቸው ሲቪዎች ብዛት እናካፍልና የውጤቱን ሎጋሪዝም (በ10 መሠረት) እንወስዳለን። «ታታሪ» የሚለው ቃል በሺውም ሲቪ ላይ ካለ፣ 1,000 ለ1,000 ሲካፈል 1 ነው፤ የ1 ሎጋሪዝም ደግሞ 0። «ፒችትሪ» በ100 ሲቪዎች ላይ ከተገኘ ክብደቱ 1 ይሆናል። «ሌተር ኦፍ ክሬዲት» የሚለው የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ ስም በ10 ሲቪዎች ላይ ብቻ ካለ 2 ይደርሳል። ሶፍትዌሮቹ ይህን ስሌት በየራሳቸው መንገድ ያሻሽሉታል፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ በሌላ ዘዴ ይሠራሉ። የነገሩ ፍሬ ግን አይለወጥም፤ ሁሉም አመልካች የሚጽፈው ቃል፣ ምንም ያህል መልካም ባሕርይ ቢገልጽ፣ ለጸሐፊው የሚያስገኝለት ነጥብ ባዶ ነው። «በቡድንም ሆነ በግል መሥራት የምችል»፣ «የሥራ ጫና የምቋቋም»፣ «ለአዲስ ነገር ዝግጁ የሆንኩ» የሚሉት ሐረጎች የሲቪውን የመጀመሪያ መስመሮች ይዘው የሚቀመጡት በከንቱ ነው።

ብርቅ መሆን ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ሰው ብቻ የጻፈው፣ ቀጣሪው ግን የማይፈልገው ቃል የሚጠራው የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ መገኘት አለበት፦ ቃሉን ቀጣሪው ይፈልገዋል፣ ሌሎች አመልካቾች ደግሞ እምብዛም አይጽፉትም። የመጀመሪያውን ማወቅ ቀላል ነው። ማስታወቂያው ላይ «ተፈላጊ ችሎታ» እና «የሥራው ዝርዝር» በሚሉት ርዕሶች ሥር ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ሰው ግን ማስታወቂያውን የሚያነበው የማመልከቻ ቀኑን፣ ደመወዙንና የተጠየቀውን የልምድ ዓመት ለማየት ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ማስታወቂያው ለአስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል እንበል፤ አመልካቹ ሦስት ዓመት ተመሳሳይ ቦታ ሠርቷል። ሲቪው ላይ «በተለያዩ የሒሳብ ሥራዎች ላይ በትጋት አገልግያለሁ» ብሎ ጽፏል። ሐሰት የለበትም፣ ግን የሚፈለግ ቃል የለውም። ይኸው ሰው እንዲህ ቢጽፍስ? «ለሦስት ዓመት የአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ በፒችትሪ መዝግቤያለሁ። በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስና የዊዝሆልዲንግ ማስታወቂያ አዘጋጅቼ አቅርቤያለሁ፤ የባንክ ሒሳብ አስታርቄያለሁ፤ የሌተር ኦፍ ክሬዲት ሰነዶችን ተከታትያለሁ፤ የሠራተኞች ፔሮልና የጡረታ መዋጮ አስልቻለሁ።» የተጨመረ ሥራ የለም። የተጨመረው የሥራው ስም ነው። ሁለተኛው አጻጻፍ ለማሽኑ ሰባት ያህል የሚያዙ ቃላት ሰጥቶታል፤ ለሰው አንባቢም ሰውየው ዕለት ዕለት ምን ሲሠራ እንደነበረ በዓይኑ አሳይቶታል። ጥሩ ቁልፍ ቃል ለሁለቱም አንባቢ በአንድ ጊዜ ይሠራል።

ይኼው ፒችትሪ ራሱ ሌላ ችግር ያሳየናል። በኢትዮጵያ የሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ ሶፍትዌሩ የሚታወቀው በዚህ ስም ነው። ሴጅ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ግን በ1999 የሶፍትዌሩን አምራች ድርጅት ገዝቶታል፤ ሶፍትዌሩም ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሴጅ 50 በሚል ስም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሄደ የሒሳብ ሠራተኛ «ፒችትሪ» ብቻ ብሎ ቢጽፍና ቀጣሪው «ሴጅ 50» ብሎ ቢፈልግ፣ ዕውቀቱን የሚፈልገውና ዕውቀቱ ያለው ሰው ሳይገናኙ ይቀራሉ። የትራንዚተሮች ነገር ይብሳል። እኛ አገር የጉምሩክ ሰነድ አስጨርሶ ዕቃ የሚያስወጣው ባለሙያ ትራንዚተር ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥራ የሚታወቀው ከስተምስ ብሮከር በሚል ስም ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ስም መጻፍ ነው፤ ምሕጻረ ቃልም ሲኖር እንዲሁ፣ አጭሩንም ረጅሙንም። ሙያዎ በሌላ አገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለማወቅ ደግሞ በነፃ የሚገኙ ሁለት ትልልቅ መዛግብት አሉ። አንዱ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የሚያስጠናው ኦኔት ነው። ሌላው ወደ 3,000 የሚጠጉ የሙያ ዓይነቶችን የያዘው የአውሮፓ ኅብረት ኤስኮ ነው። በየሙያው ሥር ተግባሩና የሚጠይቀው ችሎታ ተዘርዝሮ ይገኛል፤ ሲቪ ለሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የተሻለ የቃላት ምንጭ አላውቅም።

አዳዲሶቹ ሶፍትዌሮች ከፊደል አልፈው ትርጉም ለማዛመድ ይሞክራሉ። ጉግል በ2013 ዎርድቱቬክ፣ በ2018 ደግሞ በርት የተባሉትን የቋንቋ ሞዴሎች ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ቃላትን በቁጥር ረድፍ መወከልና በተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚውሉትን ማቀራረብ የተለመደ ሆኗል። በዚህ ዘዴ «ካሸር» እና «ገንዘብ ተቀባይ» ሊገናኙ ይችላሉ። ነገር ግን ሞዴሉ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ያነበበውን ነው። የእኛ አገር ትራንዚተር በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ እምብዛም ስለማይገኝ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሆነው ትራንዚስተር ፊደሉ ተሳስቶ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቃሉ ለማሽኑ መታየት አለበት። ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ስካን ተደርጎ የተላከ ሲቪ ለሰው ዓይን ጽሑፍ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ፎቶ ነው። ፎቶን ወደ ፊደል የሚለውጥ ፕሮግራም ካልተገጠመለት ማውጫው ውስጥ የሚገባ አንድም ቃል የለውም። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ቅርጸ ፊደሎች ስክሪኑ ላይ «ሒሳብ» ያሳያሉ፣ ውስጡ የተቀመጠው ግን የላቲን ምልክት ነው። ፈላጊው «ሒሳብ» ብሎ ቢጠይቅ አያገኘውም። በዩኒኮድ ቢጻፍ እንኳ ሒሳብና ሂሳብ፣ ሥራና ስራ ለማሽኑ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሞክሼ ፊደላትን አንድ እንዲያደርግ ካልተነገረው በስተቀር። የማስታወቂያውን አጻጻፍ መከተል እዚህ ላይ ይጠቅማል። የዓመት ነገርም አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2009 እስከ 2015 የሠራ ሰው አቆጣጠሩን ሳይገልጽ ለውጭ አገር ቀጣሪ ቢልክ፣ ሥራ ካቆመ ሰባትና ስምንት ዓመት ተጨማሪ ያለፈው ይመስላል።

ሲቪዎ ለማሽን እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ፋይሉን ከፍተው ጽሑፉን በሙሉ ይምረጡ፣ ይቅዱ፣ ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። ምንም ካልተለጠፈ፣ ወይም የተዘባረቀ ምልክት ከወጣ፣ ወይም በሁለት ዓምድ የተጻፈው ተቀላቅሎ ትርጉም ካጣ፣ ማሽኑም ይህንኑ ነው የሚያየው።

ቃል መደጋገም አይረዳም። ስቲቨን ሮበርትሰንና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ለንደን ውስጥ ያዳበሩትና እስከ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቢኤም25 የተባለው ስሌት፣ ቃሉ በተደጋገመ ቁጥር የሚጨምረውን ነጥብ እያሳነሰ ይሄዳል። «ኤክሴል»ን አሥር ጊዜ መጻፍ አሥር እጥፍ አያስገኝም። በነጭ ቀለም የማይታዩ ቃላት መደበቅ ደግሞ ማታለል ነው፤ ሶፍትዌሩ ቀለሙን ትቶ ጽሑፉን ስለሚያወጣ የተደበቀው ሁሉ በቀጣሪው ስክሪን ላይ ይገለጣል። የማያውቁትን ሶፍትዌር አውቃለሁ ብሎ መጻፍም ከተግባር ፈተናው አያልፍም። ሥራ የመቀጠር ችግር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ይገባኛል፤ ያልሠሩትን ከመጻፍ የሠሩትን በስሙ መጻፍ ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ሳይጽፈው የቀረ እውነተኛ ችሎታ አለው።

ጥፋቱን ሁሉ አመልካቹ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል በ2021 በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በጀርመን ባካሄደው ጥናት 88 በመቶ የሚሆኑት ቀጣሪዎች፣ ከፍተኛ ችሎታ ያላቸው ብቁ ሰዎች ከማስታወቂያው መስፈርት ጋር ቃል በቃል ስላልገጠሙ ብቻ እየተጣሩ እንደሚወጡ አምነዋል። አማዞንም የአሥር ዓመት ሲቪዎች አስጠንቶ የሠራው የቅጥር ፕሮግራም «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ሲቪ ዝቅ እያደረገ መመዘኑ በ2018 ተዘግቧል፤ ፕሮግራሙ የተማረው አብዛኞቹ አመልካቾች ወንዶች ከነበሩበት ክምችት ነበር፤ ኩባንያውም ሥራውን አቁሞታል።

ስለዚህ የሥራ ማስታወቂያ የምታዘጋጁ፣ ሲቪ የምትለዩ የሰው ኃይል ባለሙያዎች አደራ። ከቀድሞው ማስታወቂያ እየቀዳችሁ መስፈርት አታብዙ። ሥራው በእርግጥ የሚጠይቀውን ብቻ ጻፉ። ስትፈልጉም በአንድ ስም ብቻ አትፈልጉ፤ «ፒችትሪ ወይም ሴጅ 50» ብሎ መጠየቅ የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ነው፣ በዚያች ሰከንድ ግን ሳይታይ ሊቀር የነበረ ሰው ይገኛል።