የቤትዎን ወለል ሲመርጡ የሚድኸውን ልጅ ያስቡ

ቤት የሚሠራ ወይም የሚያድስ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡንና አሳቡን የሚያውለው በጣሪያውና በግድግዳው፣ በበሩና በመስኮቱ ላይ ነው። ወለሉ «በኋላ ይደረስበታል» እየተባለ ለመጨረሻ ይቀራል። ሆኖም በቤት ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ቤተሰቡ ቀን ከሌት የሚነካው ወለሉን ነው። በተለይም መዳኽ የጀመረ ሕፃን ወለሉን በእጁ ይዳስሳል፤ በጉልበቱ ይሄድበታል፤ ከላዩ ያገኘውን ሁሉ አንሥቶ ወደ አፉ ያስገባል፤ ሲደክመውም እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ወለል ሲመርጡ፣ እንግዳ ሲገባ ምን ይላል ከማለትዎ በፊት፣ ልጄ ሲድኽበት ምን ያገኘዋል ብለው ይጠይቁ።

ይህን ጉዳይ በሰሜን ሸዋ፣ በግሼ ወረዳ ዋና ከተማ በራቤል ቤት ከምትሠራ እናት አንጻር እንመልከተው። ራቤል የደጋ ከተማ ናት። በመንዝና በግሼ ብርዱ ጠንካራ ነው፤ በክረምት ጭጋጉና ዝናቡ፣ በበጋ የሌሊቱ ውርጭ ይፈራረቃሉ። ድንጋይና የበግ ጠጉር በአካባቢው ሞልቷል። ሲሚንቶ፣ ሴራሚክና ደኅና ጣውላ ግን ከሌላ ቦታ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ በመሆኑ የማጓጓዣው ሒሳብ በዋጋው ላይ ይታከላል። እንግዲህ ለቆላ ከተማ የሚስማማ ወለል ሁሉ ለራቤል ቤት ይስማማል ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በደሴ የምትኖሩ እናቶችም ከራቤል ቤት የምትማሩት አለ፤ እርጥበት፣ አቧራና ብርድ የማይገቡበት ከተማ የለምና።

ወለልና የልጅ ጤና

በሜክሲኮ አገር በኮዋዊላ ግዛት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈር ወለል ላላቸው ዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሲሚንቶ ወለል የሚሠራበት የመንግሥት እቅድ ተጀምሮ ነበር። እቅዱ «ፒሶ ፊርሜ» ይባላል፤ ጽኑ ወለል ማለት ነው። ተመራማሪዎች ውጤቱን መርምረው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ የአፈሩ ወለል በሙሉ በሲሚንቶ ሲተካ በትናንሽ ልጆች ላይ የሚታየው የጥገኛ ትል በሽታ በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ ደም ማነስ ደግሞ በ81 በመቶ ቀንሷል። ልጆቹ የቋንቋና የአእምሮ ዕድገት ፈተና ሲሰጣቸውም የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። የእናቶቹም የመንፈስ ጭንቀት ቀንሶ ተገኝቷል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የወስፋት እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእርጥብ አፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ ይበቃል። ከደጅ በጫማና በባዶ እግር ተጎትቶ የገባው አፈር ከአፈር ወለል ጋር ሲቀላቀል ጠርጎ ማውጣት አይቻልም። ቁንጫና ሙጃሌም በአቧራና በወለል ስንጥቅ ውስጥ ይፈለፈላሉ። በደጋው የአገራችን ክፍል ከእሳተ ገሞራ የተገኘውን ቀይ አፈር ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መርገጥ ደግሞ ለአንድ ዓይነት የእግር እብጠት ምክንያት እንደሚሆን የሕክምና ባለሙያዎች አረጋግጠዋል። በቀላሉ የሚጠረግና የሚታጠብ ወለል እነዚህን ሁሉ ይቀንሳል። እርግጥ ነው፣ መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠብና የእግር ጫማ ካልታከሉበት ወለል ብቻውን በሽታን አያስቀርም።

ከላዩ በፊት ከሥሩ

ብዙ ሰው ስለ ወለል ሲያስብ ከላይ የሚታየውን ብቻ ያያል። ወለልን ቶሎ የሚያበላሸው ግን ከሥር የሚመጣው እርጥበት ነው። ውኃ በደቃቅ አፈር ውስጥ፣ ጋዝ በላምባ ክር ውስጥ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ወደ ላይ ይሳባል። በትላልቅ ድንጋዮች መካከል ክፍተት ስላለ ግን መሳቡ ይቋረጣል። ግንበኞች «ሃርድኮር» የሚሉት የድንጋይ ድርድር ጥቅሙ ይህ ነው። እንደ ራቤል ባለ ድንጋይ በማይታጣበት አገር ደግሞ ከወለል ሥራ ሁሉ በርካሽ የሚገኘው እርሱ ነው።

ስለዚህ ከግንበኛው ጋር ሲነጋገሩ የሚከተሉትን ነጥቦች ያንሡ። መሬቱ መረሬ ከሆነ በዝናብ ጊዜ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በመሆኑም ተቆፍሮ መውጣት አለበት። በምትኩ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ድርድር ይግባ፤ ክፍተቱ በጠጠር ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። የቤቱ ወለል ከግቢው መሬት ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በቤቱ ዙሪያም የጣሪያው ውኃ የሚወርድበት ቦይ ይቆፈር። እነዚህ ካልተደረጉ ከላይ የሚነጠፈው ሴራሚክም ሆነ ጣውላ ዕድሜ አይኖረውም።

አሁን ያለው ወለልዎ እርጥበት ያለው መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፈው ዙሪያውን በፕላስተር ይለጥፉና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይተዉት። ሲገልጡት ከሥሩ ጠል ከታየ ወይም ወለሉ ከጠቆረ እርጥበት አለ ማለት ነው። እንዲህ ባለው ወለል ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ወይም ጣውላ ማድረግ ሻጋታን ከመጋበዝ አይለይም።

የእበት ልቅላቂ

እናቶቻችን ወለልን በእበት ሲለቀልቁ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእበት ውስጥ ያለው የሣር ጭረት አፈሩን ያያይዘዋል፤ ስንጥቁን ይደፍናል፤ አቧራውንም ያስቀራል። ወጪ የለውም፤ ከሲሚንቶ ይልቅም ለእግር ይሞቃል። ነገር ግን ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት፤ ይህም በእናቲቱና በሴቶች ልጆች ጉልበት ላይ የሚጨመር ሥራ ነው። በውኃ መታጠብም አይችልም። ከሁሉም በላይ የመንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ እትብቱ ያልደረቀ አራስ ልጅ ባለበት ክፍል እበት አይለቅለቅ። ለሚድኸው ልጅም ልቅላቂው ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ሌላ ቦታ ይፈለግለት።

ለሲሚንቶ አቅም ለማይደርሰው ቤተሰብ መካከለኛ መንገድ አለ። በሩዋንዳ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጠጠር ላይ የሸክላ አፈርና አሸዋ ተደባልቆ እየተጠቀጠቀ፣ ላዩ ለስልሶ ሲደርቅ ከተልባ የሚገኝ ዘይት እየተቀባ የሚጠነክር ወለል በብዙ ቤቶች እየተሠራ ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ራሱን በራሱ እያደረቀ እንደ ቀለም ቅባት የሚጠጥር በመሆኑ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ሊወለወል ይችላል። ተልባ ደግሞ ለደጋው ገበሬ እንግዳ ሰብል አይደለም። ይሁን እንጂ ጥሬው ዘይት ለመድረቅ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ በመጀመሪያ በአንድ ጥግ ላይ ተቀብቶ ይሞከር። ዘይቱ የተቀባበት ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ ራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ደጅ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ሊሾና የመንዝ ባና

ለዋጋውና ለጽዳቱ ሲታሰብ ለብዙ የከተማ ቤት የሚበጀው የሲሚንቶ ሊሾ ነው። 3 ሜትር በ4 ሜትር ለሆነ ክፍል 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቤቶንና ከላዩ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሊሾ ለመሥራት በግምት 11 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። ለቤቶኑ የተለመደው ድብልቅ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና አራት እጅ ጠጠር በሣጥን ተለክቶ ነው። አሸዋው አፈር የሌለው ይሁን። ሠራተኛው ሥራው እንዲቀልለት ውኃ አብዝቶ እንዳያቀጥነው ይቆጣጠሩ፤ ውኃ የበዛበት ሲሚንቶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አቧራም ይተፋል።

ሊሾው ከተሠራ በኋላ ያለው ሳምንት የእርስዎ የራስዎ ሥራ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በውኃ ነውና ለ7 ቀን ያህል ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣ፤ ወይም በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። እንደ ራቤል ባለ ውርጭ በሚወርድበት ስፍራ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አዲስ ሊሾ ሳይሸፈን ማደር የለበትም። ሳይጠነክር በረዶ የመታው ሲሚንቶ ከላዩ እየተፈረፈረ ይሄዳል። ጆንያና ጭድ፣ ከላያቸውም ፕላስቲክ ቢለብስ ይድናል። ከላዩ ሌላ ንጣፍ ለማድረግ ካሰቡ ቢያንስ አንድ ወር ይቆዩ።

ሊሾ አንድ ጉድለት አለው፤ እርሱም ብርዱ ነው። ሲሚንቶ የሰውነትን ሙቀት ከጣውላ እጅግ ፈጥኖ ይስባል። በደጋ ቤት ልጅን በባዶ ሊሾ ላይ ማስቀመጥ ሙቀቱን እንደ መግፈፍ ነው። ለዚህ መፍትሔው ከሩቅ መምጣት የለበትም። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ በመሆኑ ለምንጣፍ ሥራ የተመቸ ነው፤ ከእርሱ የሚሠራው ባናና ዝተትም ብርድን በመከላከል የታወቀ ነው። በሊሾው ላይ ልጁ በሚጫወትበት በኩል ዝተት ወይም አጎዛ ይነጠፍ። ታዲያ በየሳምንቱ ደጅ ወጥቶ በደንብ ይራገፍ፤ ፀሐይም ይምታው፤ አለበለዚያ ከወለል ያባረሩትን ቁንጫ በምንጣፍ መልሰው አስገቡት ማለት ነው።

ጣውላ፣ ሴራሚክና ፕላስቲክ

ጣውላ ለብርድ አገር እጅግ ይስማማል። ይሁን እንጂ እርጥቡ የባሕር ዛፍ ጣውላ ከተመታ በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፤ በመካከሉም አቧራና ቁንጫ የሚጠራቀምበት ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ በጥላ ሥር በደንብ የደረቀውን ይግዙ። ከጣውላው ሥር ነፋስ የሚዘዋወርበት ቀዳዳ በግድግዳው ላይ ይተው፤ አለበለዚያ ከሥር በስብሶ ይቀራል።

ሴራሚክ ለማእድ ቤትና ለመታጠቢያ ክፍል ተመራጭ ነው፤ ቅባትም ሆነ ውኃ አይገባበትምና። ነገር ግን የሚያንጸባርቀው ልሙጡ ሴራሚክ ውኃ ሲነካው ያንሸራትታል። በቤትዎ አረጋውያን ወይም ነፍሰ ጡር ካሉ ላዩ ሸካራ የሆነውን ይምረጡ። ሲገዙም ለጥገና የሚሆን ጥቂት ተጨማሪ ይያዙ፤ ከጊዜ በኋላ ያንኑ መልክ ማግኘት ያስቸግራልና። ለሳሎን ማማር ብቻ ተብሎ ተበድሮ ሴራሚክ ማንጠፍ ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው።

የፕላስቲክ ምንጣፍ ርካሽና በቀላሉ የሚጠረግ በመሆኑ በተከራይ ቤት የተለመደ ነው። በደረቅ ሊሾ ላይ ከሆነ መልካም ነው። በእርጥብ አፈር ላይ ከሆነ ግን በየሳምንቱ እየተገለጠ ካልተናፈሰ ሥሩ ይሻግታል። የከሰል ማንደጃንም በፕላስቲክ ላይ አያስቀምጡ። ለቡና ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ደግሞ የወደቀ ፍም በሣሩ ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ማንደጃው በሰፊ ትሪ ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይሁን።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ

ቤቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ መሥራት ለብዙ ሠራተኛ ቤተሰብ ይከብዳል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሳሎኑ ነው። እርስዎ ግን ልጆቹ ከሚተኙበትና ከሚድኹበት ክፍል ይጀምሩ። በመጀመሪያው ዓመት ቦዩንና የድንጋይ ድርድሩን፣ ቀጥሎ የአንዱን ክፍል ሊሾ፣ ከዚያም የማእድ ቤቱን እያሉ ደረጃ በደረጃ መሄድ ይቻላል። በኪራይ ቤት የሚኖሩም ቢሆኑ ከአከራይዎ ጋር ተነጋግረው የአንዷን ክፍል የሊሾ ወጪ ከኪራዩ ላይ እንዲታሰብልዎ ይጠይቁ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን።

ጫማ በበር ላይ የማውለቅ ልማድም ያለ ወጪ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። ከበሩ ውጭ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ለእግር መጥረጊያ፣ ከውስጥ ደግሞ ለጫማ የሚሆን አንድ ጥግ ያዘጋጁ። ባልም፣ እንግዳም፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅም ለዚህ ደንብ ይታዘዝ። ወለሉ የእበትም ይሁን የሊሾ፣ ከደጅ የሚገባው አፈር ባነሰ መጠን በቤቱ ላለው ሕፃን ያን ያህል ይጠቅመዋል።