ኦቨርክሎክ ለተደረገ ኮምፒውተር የቱ ፓወር ሰፕላይ ይሻላል? የመሪን መብራትና ከፍታ ያገናዘበ ምርጫ

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። አዲስ አበባ፣ መሪ ሰፈር ከአንድ ትራንስፎርመር የሚቀዱ ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት ምጣዳቸውን በአንድ ጊዜ ከሰኩ፣ 220 ቮልት መሆን የነበረበት መስመር ሊወርድ ይችላል። አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። በዚያው ሰዓት አንዱ የአርክቴክቸር ተማሪ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ አድርጎ ሬንደር ጀምሯል። ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ ብዙ ሰው ራሙን ወይም ዊንዶውሱን ይጠረጥራል። እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ኬዙ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የብረት ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን ነው።

ኦቨርክሎክ ማድረግ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ቺፑ እንዳይሳሳት ቮልቴጁም ከፍ ይደረጋል፤ ጣጣው የሚመጣውም ከዚህ ነው። የኃይል ፍጆታው ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሲያድግ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌር ያድጋል። ሁለቱንም 10 በመቶ የጨመረ ሰው ፍጆታውን 33 በመቶ ከፍ አድርጓል፤ 125 ዋት ይወስድ የነበረው ፕሮሰሰር 166 ገባ። 320 ዋት የሚወስድ እንደ አርቲኤክስ 3080 ያለ ግራፊክስ ካርድ ሲጨመርበት፣ ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ፋኖቹም ወደ 70 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 560 አካባቢ ነው። 600 ዋት የሚበቃ ይመስላል፤ ግን አይበቃም። የዘመኑ ካርዶች ለቅጽበት የተመደበላቸውን ዋት እጥፍ ሊስቡ ይችላሉ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኤቲኤክስ 3.0 ደንብ ይህን ድንገተኛ ዝላይ የሚችሉ ፓወር ሰፕላዮችን የጠየቀውም ለዚህ ነው። ለእንዲህ ያለ ማሽን 850 ዋት እመክራለሁ።

ዋቱ ግን በእርግጥ አለ ወይ? ካርቶኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ተብሎ የተጻፈበትን ርካሽ ዕቃ ገልብጠው ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ያንብቡ። ፕሮሰሰሩም ሆነ ግራፊክስ ካርዱ የሚመገቡት በዋናነት ከ12 ቮልት መስመር ነው። በዚያ ዓምድ ሥር 18 አምፒር ከተባለ፣ 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው፤ ያ ዕቃ ለእርስዎ ያለው አቅም ይኸው ነው። የቀረው የዛሬ ኮምፒውተር እምብዛም በማይነካቸው በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ የተቆለለ ነው፤ አለዚያም ጨርሶ የለም። በጥሩ ባለ 850 ዋት ዕቃ ላይ የ12 ቮልቱ መስመር ብቻውን 70 አምፒር ገደማ ይሰጣል።

በዚያው ሰንጠረዥ ላይ የመግቢያውን ቮልቴጅም ይመልከቱ። የመስመሩ ቮልቴጅ ስለወረደ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ዋት አይቀንስም፤ ፓወር ሰፕላዩ የጎደለውን በአምፒር ያካክሳል። ከግድግዳው 500 ዋት የሚወስድ ማሽን በ220 ቮልት 2.3 አምፒር ሲበቃው፣ በ170 ቮልት 2.9 ይፈልጋል። ሽቦና ኮይል ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፒሩ ስኩዌር ስለሚያድግ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል፣ አክቲቭ ፒኤፍሲ (የፓወር ፋክተር ማስተካከያ) ያለው ዕቃ ይህን ችሎ ይሠራል። ከ200 እስከ 240 የሚለው ግን ከ200 በታች ለሚሆነው ነገር ቃል አልገባም። መሪ ላይ ለሚኖር ሰው ይህች አንዲት መስመር ከዋቱ ቁጥር አታንስም።

መብራት እልም ሲልስ? ዩፒኤስ ካለ ወደ ባትሪ እስኪዞር ጥቂት ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ በተለመዱት ዓይነቶች እስከ 10። ያችን ክፍተት የሚሸፍነው የፓወር ሰፕላዩ ዋና ካፓሲተር ነው፤ ውኃ ሲጠፋ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቤቱን እንደሚያቆየው። ለዓመታት የቆየው የኤቲኤክስ ደንብ በሙሉ ጭነት 16 ሚሊሰከንድ ያህል እንዲያቆይ ይጠይቅ ነበር። ዋጋ ለመቀነስ የሚፈልግ አምራች ከሚያሳንሳቸው ክፍሎች አንዱ ግን ይኸው ውድ ካፓሲተር ነው። ዩፒኤስ ገዝቶ ኮምፒውተሩ አሁንም የሚጠፋበት ሰው እዚህ ላይ ይፈትሽ። ዩፒኤሱም ያልተቆራረጠ ሞገድ (ፒዩር ሳይን ዌቭ) የሚሰጥ ቢሆን ይሻላል፤ አክቲቭ ፒኤፍሲ ካላቸው ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዶቹ የተቆራረጠ ሞገድ አይስማማቸውም።

ከፍታውም አለ፤ ይህን ሻጭ ሲያነሣው ሰምቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ፋኑ እንደ ወትሮው ቢዞርም የሚገፋው አየር ሳስቷል፤ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይና ቻርጀር ላይ 2000 ሜትር የሚል የተራራ ምልክት አለ፤ የቻይና የደኅንነት ደረጃ የሚያዘው ሲሆን፣ ዕቃው የተፈተሸው ከዚያ በታች ላለ ከፍታ ነው ማለት ነው። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የማገድ አቅሙም ይቀንሳል፤ በውስጡ ባለው 400 ቮልት ገደማና በ12 ቮልቱ መካከል የተተወው ክፍተት የተለካው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ዕቃው ወዲያው ይቃጠላል ማለት አይደለም። 5000 ሜትር የሚል ካገኙ ግን እሱን ይውሰዱ። የመሪ ቅዝቃዜ ሙቀቱን በከፊል ያካክሳል፤ ማሽኑን መጋረጃ ሥር የወሸቀ ሰው ግን ያንን ጥቅም ያጣዋል።

ሙቀትን ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለው 80 ፕላስ የሚባለው ማኅተም የሚለካው ምን ያህሉ ኃይል ሳይባክን እንደሚያልፍ ነው። ለኮምፒውተሩ 450 ዋት ሲሰጥ፣ 85 በመቶ የሚያሳልፈው ወደ 79 ዋት በሙቀት ያባክናል፤ 92 በመቶ የሚያሳልፈው 39 ብቻ። የካፓሲተር ዕድሜ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግማሽ ስለሚያጥር ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማኅተም መለጠፍ ቀላል ስለሆነ ሞዴሉን ማኅተሙን የሚሰጠው ድርጅት ራሱ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር ያስተያዩ።

ኬዙን ሲነኩት ነዘር የሚያደርግ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሶኬቱ የምድር ሽቦ የለውም። መግቢያው ላይ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ብረቱን ወደ 110 ቮልት ያደርሱታል፤ ኩረንቱ እጅግ ጥቂት ነው። ቢሆንም የምድር ሽቦውን ኤሌክትሪሻን ያስዘርጉ፤ ሌላ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ሰውን የሚያተርፈው እሱ ነው።

ከተገዛ በኋላ አንድ ፈተና አለ። ሬንደሩ እየሠራ፣ ምጣዱም ተጥዶ፣ ቴስተሩን በሞሌክስ መሰኪያው ቢጫና ጥቁር ሽቦ ላይ ያድርጉ፤ ሣጥኑን ራሱን ግን ፈጽሞ አይክፈቱ፣ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ የሚገድል ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል። ንባቡ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ከ11.4 ከወረደ ዋስትናው ሳያልቅ ይመልሱት።