ከላቫንዲኖው ስር ያለው ማጣሪያ

በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ ተወልደው ካደጉ ሰዎች የብዙዎቹ ጥርስ ቡናማ ነው። ጥርሳቸውን ሳይፋቁ ቀርተው አይደለም። ከስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ዐለት ወደ ጉድጓድ ውሃ የሚገባው ፍሎራይድ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ከጥርስ አልፎ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። ማፍላት አይረዳም፤ እንፋሎቱ ሲሄድ ፍሎራይዱ በቀረው ውሃ ውስጥ እንዲያውም ይበረታል። ተራው የከሰል ማጣሪያም ያሳልፈዋል። በቤት ደረጃ ሊያስቀሩት ከሚችሉት ጥቂት መሣሪያዎች አንዱ ሰዉ በአጭሩ «አር ኦ» የሚለው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ነው።

ገዢው ስለ ዋጋው ብዙ ይጠይቃል፤ ስለ እንክብካቤው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ አር ኦ ሲደክም አይናገርምና። ውሃው ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ጥርት ብሎ ይወርዳል። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ማጣሪያው ሥራውን ካቆመ ዓመት ቢሞላው እንኳ ጠጪው አያውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨዋማና ንጹሕ ውሃ ውሃን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ቢለያዩ፣ በተፈጥሮ ንጹሑ ወደ ጨዋማው ይሰርጋል። በጨዋማው በኩል በቂ ግፊት ከተጨመረ ግን ጉዞው ይገለበጣል፤ ውሃው ሲያልፍ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ይህን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ለሥራ ያበቃውን ሽፋን የሠሩት ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ናቸው፤ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ። በ1965 ኮአሊንጋ የተባለች ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ በዚሁ ዘዴ የተጣራ ውሃ መጠጣት ጀመረች። ዛሬ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ከቧንቧ ከሚቀዱት ውሃ ከፊሉ በዚህ መንገድ ጨዉ የወጣለት የባሕር ውሃ ነው።

የቤቱ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከላቫንዲኖ ስር ይቀመጣል። ከፊት የተደረደሩት ሦስት ባለ 10 ኢንች የፊልተር ቤቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ደለልና ዝገት የሚይዝ ባለ 5 ማይክሮን ፊልተር፣ ሁለቱ ካርቦን። ከላይ የተጋደመው ቀጭን ቤት ሜምብሬኑን ይዟል፤ እንደ ሰሌን የተጠቀለለ ስስ ሽፋን ነው፣ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። የተጣራው ውሃ በትንሽ ጋን ይጠራቀማል፣ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳም በመጨረሻው ካርቦን በኩል ያልፋል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳለት ውዱ ሜምብሬን ነው። ዕድሜውን የሚወስኑት ግን ከፊቱ የቆሙት ርካሾቹ ካርቦኖች ናቸው። የዛሬ ሜምብሬን ፖሊአማይድ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ክሎሪን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ የተበላው ደግሞ በእጥበት አይመለስም። የከተማ ውሃ ክሎሪን አለው። ያንን ክሎሪን ካርቦኑ ይውጠዋል፣ እስኪጠግብ ድረስ። ከጠገበ በኋላ ክሎሪኑ በቀጥታ ሜምብሬኑ ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው የፊት ፊልተሮቹ በየስድስት ወሩ፣ ቢዘገይ በዓመት መለወጥ ያለባቸው። በወቅቱ የሚለውጥ ቤት ሜምብሬኑን ሁለት፣ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገለገልበታል። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ በበረኪና ለማጠብ ያሰበ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ቫልቭ ይዝጋ፤ ሮቶው ታጥቦ ሽታው እስኪጠፋ አይክፈት። በአንድ ቅዳሜ እጥበት የዓመት ካርቦን ሊያልቅ ይችላል።

ፊልተር መለወጥ ቧንቧ ሠራተኛ መጥራት አያስፈልገውም። የውሃው ቫልቭ ይዘጋል፣ የጋኑም ይዘጋል፣ ግፊቱ እንዲወጣ የመጠጫው ቧንቧ ይከፈታል፣ ከስር ባልዲ ይቀመጣል። ከዚያ አብሮ በመጣው የፕላስቲክ መፍቻ ቤቱ ይፈታል። ነጭ ሆኖ የገባው የደለል ፊልተር ቀይ አፈር መስሎ ይወጣል፣ በጣት ሲነኩትም ያሙለጨልጫል። ቤቱ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ከአፉ ዙሪያ ባለው ቦይ ውስጥ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለች። ተጠርጋ፣ ስንጥቅ እንደሌላት በጣት ተዳስሳ፣ ለምግብ ዕቃ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ተቀብታ ወደ ቦይዋ ትመለስ። ቫዝሊን አይሆንም፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። ሌሊት ኩሽናውን በውሃ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ተጣማ የተቀመጠች ቀለበት ናት። ቤቱ በእጅ ጠበቅ ተደርጎ በመፍቻ ትንሽ ብቻ ይጨመርበታል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ይሰነጠቃል።

አዲስ ካርቦን መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ያወጣል። ያ ውሃ ወደ ሜምብሬኑ ሳይሆን ወደ ባልዲ ይፍሰስ፤ ጥቁሩ ግራጫ፣ ግራጫው ጥርት እስኪል ይጠበቅ። የካርቦን ብናኝ ሜምብሬኑን ይደፍነዋልና።

ካርቦኑ ክሎሪኑን መዋጡ ሌላም መዘዝ አለው። ከሱ ወዲያ ያለው ውሃ ጀርም የሚከላከልለት ነገር ስለሌለው በጋኑና በቱቦዎቹ ውስጥ አተላ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ፊልተሮቹም ሜምብሬኑም ወጥተው፣ ባዶው መስመርና ጋኑ አምራቹ ባዘዘው መጠን ሽቶ በሌለው በረኪና ይታጠባል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶም ሽታው እስኪጠፋ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። አዲስ ሜምብሬን ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያው ሙሉ ጋን ይደፋል፣ አይጠጣም።

ማጣሪያው መሥራቱን የሚነግረን ቲዲኤስ ሜትር የምትባል እስክሪብቶ የምታህል መለኪያ ናት። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው በኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ትገምታለች። ሁለት ብርጭቆ ይቀዳል፣ አንዱ ከቧንቧ አንዱ ከማጣሪያው። ቧንቧው 400፣ ማጣሪያው 30 ካሳየ 92 በመቶ ያህሉ ቀርቷል፣ ጥሩ ነው። ማጣሪያው 90 ካሳየ የሚያስቀረው ከ80 በመቶ በታች ወርዷልና ሜምብሬኑ መለወጥ አለበት። የቧንቧው ውሃ ዛሬ ከግድብ ነገ ከጉድጓድ ሊመጣ ስለሚችል ሁለቱም በአንድ ቀን ይለኩ። ማጣሪያው ሌሊቱን ቆሞ ከሆነ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ጨው ይበዛበታል፤ ትንሽ ከፈሰሰ በኋላ ቢለካ ነው ትክክሉ። መለኪያዋ ስለ ጀርም ምንም አትናገርም፣ ፍሎራይድንም ለይታ አታሳይም። ቢሆንም ሜምብሬኑ ጨውን ማስቀረት ሲያቅተው ፍሎራይድንም ማሳለፍ ይጀምራልና ማስጠንቀቂያነቷ ትልቅ ነው።

ውሃው ከቀጠነ ግን ሜምብሬኑን ከመወንጀል በፊት ግፊቱ ይታይ። ሜምብሬን 3 ባር ያህል ይፈልጋል፤ ከላቫንዲኖው 6 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግን 0.6 ባር ብቻ ነው። በፈረቃ ውሃና በሮቶ የሚኖር ቤት ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ያለው ውሃ ጋኑ የያዘው ብቻ ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጋኑ ራሱ ነው። በውስጡ በአየር የተነፋ ጎማ አለ፤ ባዶ ሲሆን ከ5 እስከ 8 ፒኤስአይ ሊኖረው ይገባል። አየር መሙያው ከመኪና ጎማ ጋር አንድ ስለሆነ በብስክሌት መንፊያ ይሞላል። ቅዝቃዜም አለ፤ አምራቾች የሚጽፉት የምርት መጠን በ25 ዲግሪ ሙቀት የተለካ ነውና የአዲስ አበባ ክረምት ውሃ ከዚያ ያነሰ ቢሰጥ ብልሽት አይደለም።

በሁሉም ቤት ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። የሟሟ ጨው እምብዛም የሌለበትን የግድብ ውሃ የሚጠጣ ሰው ስጋቱ ጀርም ከሆነ ማፍላት ይበቃዋል። ሳያስፈልግ አይገዛ የምለው ደግሞ ውሃ ስለሚያባክን ነው፤ የተለመደው መሣሪያ አንድ ሊትር ለማጣራት ሦስትና አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ ይሰዳል። ጋኑ ሞልቶም ፍሳሹ ካላቆመ መዝጊያው ቫልቭ ተበላሽቷል፤ ሌሊት ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ ነው። የፍሳሹን ቀጭን ቱቦ ወደ ጀሪካን አዙሮ ማጠራቀም ይቻላል፤ ጫፉ ውሃው ውስጥ እንዳይነከር ብቻ ከፍ ብሎ ይታሰር። አራት እጁ ፈሶ አንድ እጁ በተጣራበት መሣሪያ፣ የፍሳሹ ጨው ከቧንቧው በሩብ ያህል ብቻ ይበልጣል። ወለል ይወለወልበታል፣ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ለወጥና ለቡና አይቀዳ፤ እንዲያውም እዚያ ለመጠጥ ብቻ ሳይሆን ለድስቱና ለጀበናው የሚገባው ውሃም ከማጣሪያው ይቀዳ፤ በምግብ የሚገባው ፍሎራይድ በብርጭቆ ከሚገባው አይለይምና።