ለሙዚቃ ቀረጻና ለፈጠራ ሥራ የሚውል ላፕቶፕ ሲገዛ የሥራው ዓይነት ከንግድ ስም ሊቀድም ይገባል

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹበት ጊዜ አንስቶ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀረጻ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አስቆጥሯል። በእነዚህ ዓመታት ቀረጻው ከሸክላ ወደ ቴፕ፣ ከቴፕ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ እየተሸጋገረ መጥቶ ዛሬ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የሚከናወንበት ደረጃ ላይ ደርሷል። ቀደም ሲል አንድ ሰፊ ክፍል የሚሞሉ መሣሪያዎች ይሠሩት የነበረውን ሥራ ዛሬ በትከሻ በሚንጠለጠል ቦርሳ የሚያዝ አንድ ላፕቶፕ ያከናውነዋል።

ይህ ለውጥ የግል ስቱዲዮዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የባህል ቢሮዎች የአገር ሽማግሌዎችን ዜማና ቀረርቶ ለመቅረጽ፣ ሬዲዮ ጣቢያዎች ፕሮግራም ለማዘጋጀት፣ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች ቪዲዮና ሕትመት ለማቀናበር፣ ቴአትር ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለዝግጅትና ለማስተማር ሥራ ላፕቶፕ ይገዛሉ። ግዥው ከሕዝብ በጀት የሚፈጸም በመሆኑ ምርጫው የባለሙያው ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን የሚያጸድቀው ኃላፊና መግለጫውን የሚያዘጋጀው የግዥ ሠራተኛ ጉዳይ ጭምር ነው።

የግዥ ጥያቄው “ዘመናዊና ከፍተኛ አቅም ያለው ላፕቶፕ” ከሚል ሐረግ የማያልፍ ከሆነ፣ የሚቀርበው ዕቃ መስፈርቱን በወረቀት አሟልቶ በሥራ ላይ ሊከሽፍ ይችላል። የሚደርሰው ጉዳትም በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። በዕድሜ የገፉ አንድ የበገና ደርዳሪ በሕይወት ሳሉ የተቀረጸ ዜማ በመሣሪያው ጉድለት ቢበላሽ ድጋሚ ለመቅረጽ ዕድል ላይገኝ ይችላልና።

ለቢሮ ሥራ የሚያገለግል ላፕቶፕ ለድምፅ ሥራ የማይበቃበት ምክንያት ከሥራው ባሕርይ ይመነጫል። ደብዳቤ በሚጻፍበት ጊዜ ኮምፒውተሩ ለግማሽ ሰከንድ ቢያመነታ የሚያስተውለው የለም። በድምፅ ቀረጻ ግን ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ሰከንድ ለብሮድካስት በተለመደው መጠን 48 ሺህ የድምፅ ናሙናዎችን ያለማቋረጥ መቀበልና ማስተናገድ ይኖርበታል። ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ እንኳ ቢዘገይ መቆራረጡ ወይም የመሰንጠቅ ድምፁ ከዜማው ጋር አብሮ ይቀረጻል።

ኮምፒውተሩ ይህን ሥራ የሚያከናውነው ናሙናዎቹን በቡድን በቡድን እያጠራቀመ ነው። 256 ናሙናዎችን በአንድ ጊዜ ቢያጠራቅም የሚፈጠረው መዘግየት 5 ነጥብ 3 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን፣ 1 ሺህ 24 ናሙናዎችን ቢያጠራቅም መዘግየቱ ወደ 21 ሚሊ ሰከንድ ከፍ ይላል። ድምፁ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባና ሲወጣ መዘግየቱ ቢያንስ በእጥፍ ይጨምራል። ድምፃዊው የራሱን ድምፅ በማዳመጫ የሚሰማው ዘግይቶ ከሆነ ከምቱ ጋር መሄድ ይቸገራል። ስለሆነም በድምፅ ሥራ ኃይለኛ የሚባለው ላፕቶፕ ናሙናዎቹን በትንንሽ ቡድን እያስተናገደ ሳይቆራረጥ ለረጅም ሰዓት መሥራት የሚችል ነው።

ለዚህም በመጀመሪያ የሚታየው ፕሮሰሰሩ ነው። የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች የተለያዩ ትራኮችን ለተለያዩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች ማለትም ኮሮች ያከፋፍላሉ። ይሁን እንጂ በአንድ ትራክ ላይ የተደረደሩ የድምፅ ማስተካከያዎች እርስ በርስ ተከታትለው የሚሠሩ በመሆናቸው በአብዛኛው በአንድ ኮር ላይ ይወድቃሉ። በመሆኑም የኮሮች ብዛት ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነትም ወሳኝ ነው። ለሙሉ የሙዚቃ ቅንብር 8 እና ከዚያ በላይ ኮሮች ያሉት የቅርብ ዓመታት ፕሮሰሰር ተገቢ ምርጫ ይሆናል።

በዚህ ረገድ በግዥ ላይ በተደጋጋሚ የሚያሳስተው የፕሮሰሰሩ ስም ነው። “ኮር አይ 7” የሚለው መጠሪያ ብቻውን አቅምን አያመለክትም። ለአብነት እ.ኤ.አ በ2016 ለቀጫጭን ላፕቶፖች የወጣው የ7ኛው ትውልድ ኮር አይ 7-7500ዩ 2 ኮሮች ብቻ ሲኖሩት፣ በቀጣዩ ዓመት የወጣው የ8ኛው ትውልድ ኮር አይ 5-8250ዩ ግን 4 ኮሮች አሉት። መግለጫው “ኮር አይ 7 እና ከዚያ በላይ” የሚል ብቻ ከሆነ ደካማው አልፎ ጠንካራው ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

የትውልዱ ጉዳይ ከአገልግሎት ዘመንም ጋር ይያያዛል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይደግፍም። ስለዚህ በዋጋው ርካሽነት የተመረጠ ያገለገለ ላፕቶፕ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ሊሆን ይችላል።

ከፕሮሰሰሩ አቅም ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባው የሙቀት ማስወገጃው ነው። ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እጅግ ቀጭን የሆነ ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፈጣን ሆኖ ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ የሚዳከመው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ኃይለኛ ማራገቢያ ያለው ላፕቶፕ ከማይክሮፎን አጠገብ ከተቀመጠ የማራገቢያው ጩኸት በቀረጻው ውስጥ ይገባል። በመሆኑም ላፕቶፑ በአንድ ክፍል ውስጥ ከድምፃዊው ጋር የሚቀመጥ ከሆነ የጩኸቱ መጠን ከመስፈርቶቹ አንዱ መሆን ይኖርበታል።

ራም ሌላው ዋነኛ መስፈርት ነው። ንግግርና ቃለ ምልልስ ለመቅረጽና ለማረም 16 ጊጋባይት በቂ ነው። የፒያኖ፣ የቫዮሊን፣ የከበሮና የመሳሰሉትን ድምፆች ከተቀረጹ ናሙናዎች የሚያወጡ ሶፍትዌሮች ግን ናሙናዎቹን ራም ላይ ስለሚጭኑ 32 ጊጋባይት ይመከራል። በአሁኑ ወቅት በበርካታ ቀጫጭን ላፕቶፖችና በአፕል ማክቡኮች ላይ ራሙ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ ወይም የፕሮሰሰሩ አካል በመሆኑ ከግዥ በኋላ መጨመር አይቻልም። “ለጊዜው 8 ጊጋባይት ይበቃል፣ ወደፊት ይጨመራል” በሚል የሚደረግ ቁጠባ በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ተመልሶ ሙሉ ላፕቶፕ ያስገዛል።

የመረጃ ማከማቻን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። በ24 ቢት እና በ48 ሺህ ናሙና የሚቀረጽ አንድ ትራክ በደቂቃ 8 ነጥብ 6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 24 ትራኮች ያሉት የአንድ ሰዓት ቀረጻ 12 ነጥብ 4 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ቪዲዮ ሲጨመር መጠኑ ከፍ ይላል፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀረጽ የ4ኬ ምስል በሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል። ስለሆነም ለሙዚቃ 1 ቴራባይት፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ክፍል ደግሞ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲ ተመራጭ ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በዝግታውና ለመውደቅ አደጋ በመጋለጡ ለዕለት ሥራ የማይመረጥ ቢሆንም ለመጠባበቂያ ቅጂ ግን አሁንም ርካሽ አማራጭ ነው። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያለ ቀረጻ እንደተቀመጠ የማይቆጠር በመሆኑ ሁለት ውጫዊ ዲስኮች በግዥው ውስጥ ሊካተቱ ይገባል።

የግራፊክስ ካርድ ያለአግባብ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ነው። ለጨዋታ የተሠሩ ላፕቶፖች ዋጋቸው ከፍ የሚለው በአመዛኙ በግራፊክስ ካርዳቸው ሲሆን፣ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ግን ከዚህ ካርድ የሚያገኙት ጥቅም አነስተኛ ነው። ለሙዚቃ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ገንዘቡ ወደ ራምና ወደ ኤስኤስዲ ቢዞር የተሻለ ይሆናል። በአንጻሩ ቪዲዮ ለማቀናበር፣ ቀለም ለማረምና ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ለመሥራት ራሱን የቻለ፣ 8 ጊጋባይት የራሱ ማህደረ ትውስታ ያለው የግራፊክስ ካርድ ጊዜን በእጅጉ ይቆጥባል። ለሕትመትና ለፖስተር ሥራ ደግሞ ከካርዱ ይልቅ ቀለምን በትክክል የሚያሳይ፣ ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ክልል ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ስክሪን ይቀድማል።

በዊንዶውስና በማክ መካከል የሚደረገው ምርጫ ባለሙያው በሚጠቀምበት ሶፍትዌር ይወሰናል። ሎጂክ ፕሮ የሚሠራው በአፕል መሣሪያዎች ላይ ብቻ ነው። ኩቤዝ፣ ኤብልተን ላይቭ፣ ፕሮ ቱልስና ኤፍኤል ስቱዲዮ ግን በሁለቱም ላይ ይሠራሉ። አፕል እ.ኤ.አ በ2020 መጨረሻ ኤም 1 የተሰኘውን የራሱን ፕሮሰሰር ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ የማክቡኮች ሙቀት ቀንሷል፤ በባትሪ ሲሠሩም አቅማቸው እምብዛም አይቀንስም። ማራገቢያ የሌለው ማክቡክ ኤር ለጸጥታው ተመራጭ ቢሆንም ለረጅም ሰዓት ከባድ ሥራ ግን ማራገቢያ ያለው ማክቡክ ፕሮ ይሻላል። የዊንዶውስ ላፕቶፖች በበኩላቸው በዋጋና በዓይነት ሰፊ ምርጫ ያላቸው ሲሆኑ፣ በበርካታዎቹም ላይ መለዋወጫ ለማግኘትና ለመጠገን ይቀላል።

ላፕቶፑ ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ከውስጡ ባለው የማይክሮፎን መሰኪያ ጥራት ያለው ሙዚቃ መቅረጽ አይቻልም። በዩኤስቢ የሚገናኝ ውጫዊ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል። የስቱዲዮ ማይክሮፎኖች አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት ኃይል ከሳውንድ ካርዱ ስለሚፈልጉ ይህን የሚሰጥ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ አምራቹ ያዘጋጀው አሲዮ የሚባለው ሶፍትዌር ያለው ሳውንድ ካርድ የድምፁን መዘግየት ይቀንሳል። በቂ የዩኤስቢ መሰኪያዎች በላፕቶፑ ላይ መኖራቸውም እዚሁ ላይ ሊታይ የሚገባው ነው።

የኤሌክትሪክ አቅርቦትም ከግምት መግባት ይኖርበታል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ኃይል ሲቋረጥ ሥራው አይጠፋም፤ በራሳቸው ቻርጀር የሚሠሩ ሳውንድ ካርዶችና ውጫዊ ዲስኮች ግን ወዲያው ይጠፋሉ። ስለዚህ በስቱዲዮ ውስጥ ዩፒኤስ፣ ለገጠር ቀረጻ ደግሞ ኃይሉን ከላፕቶፑ የሚያገኝ ሳውንድ ካርድ ይመረጣል። በርካታ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ከኤሌክትሪክ ሲነቀሉ ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ ፍተሻው በሁለቱም ሁኔታ መካሄድ ይገባዋል።

በመንግሥት የግዥ ሥርዓት የዕቃ መግለጫ ውድድርን በማይገድብ መልኩ በአፈጻጸም ላይ እንዲመሠረት ይጠበቃል። ይህ አሠራር ለፈጠራ ሥራ መሣሪያዎች የሚያመች ነው። መግለጫው የአንድ ኩባንያ ስም ከሚጠቅስ ይልቅ የፕሮሰሰሩን ትውልድና የኮሮች ብዛት፣ የራሙንና የኤስኤስዲውን መጠን፣ የስክሪኑን የቀለም ሽፋን እንዲሁም የዋስትናውን ዘመን በግልጽ ቢያስቀምጥ ተጫራቾች በእኩል ይወዳደራሉ፤ ተጠቃሚው ክፍልም የሚፈልገውን ያገኛል። ለዚህም ባለሙያው መግለጫው ከመጽደቁ በፊት እንጂ ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ ሊጠየቅ አይገባም።

በጀት ሲያዝ የሶፍትዌር ፈቃድ ዋጋም አብሮ መታሰብ አለበት። የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚደረግላቸው ናቸው። የአርቲስቶችን መብት የማስከበር ኃላፊነት ያለበት ተቋም ራሱ ያለፈቃድ በተቀዳ ሶፍትዌር ሊሠራ አይገባውም። የበጀት እጥረት ሲኖርም እንደ ኦዳሲቲ ያሉ በነፃ የሚገኙ ሕጋዊ አማራጮች አሉ።

በመጨረሻም ርክክቡ የሳጥን ቁጥር በመቁጠር ብቻ ሊጠናቀቅ አይገባም። ሳውንድ ካርዱን አገናኝቶ፣ በርካታ ትራኮችና ማስተካከያዎች ያሉበትን ሥራ ከፍቶ፣ ናሙናዎቹ በ128 ወይም በ256 እንዲጠራቀሙ አድርጎ ለአንድ ሰዓት ያህል ማሠራት የላፕቶፑን ትክክለኛ አቅም ያሳያል። በዚህ ጊዜ ድምፁ ካልተቆራረጠ፣ ፍጥነቱ ካልወረደና የማራገቢያው ጩኸት ቀረጻውን ካላወከ ዕቃው ለታሰበለት ሥራ በቅቷል ማለት ይቻላል። ይህ የአንድ ሰዓት ፍተሻ በጨረታ ሰነዱ ላይ አስቀድሞ ከሰፈረ አቅራቢው የሚጠበቅበትን አውቆ ይቀርባል፤ ተቋሙም ዳግም የማይገኘውን ድምፅ ለመቅረጽ ሲወጣ በመሣሪያው ላይ እምነት ይኖረዋል።