ቃርን ለይተን እንወቅ

በካቺሲና በአካባቢዋ ገበሬው ቀኑን ሲያርስ ይውላል። ማታ እንጀራውን በቀይ ወጥ ጠግቦ ይበላል። ወዲያው ይተኛል። ሌሊት ደረቱን ሲያቃጥለው ይነቃል። አንዱ «ቃር ነው፣ ይለቀኛል» ይላል። ሌላው «ልቤ ነው» ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ ምልክቱን ለይተን እንወቅ።

ቃር ምንድን ነው?

በጨጓራችን ውስጥ ምግብ የሚፈጭ ኮምጣጣ ፈሳሽ አለ። አሲድ ይባላል። ከጨጓራ በላይ እንደ ስልቻ አፍ የሚጠብቅ ጡንቻ አለ። ጡንቻው ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ጨጓራ አሲዱን ይችለዋል። ምግብ የሚወርድበት ቱቦ ግን አይችለውም። ስለዚህ ያቃጥላል።

ምልክቶቹ

መሀል ደረት ያቃጥላል። ቃጠሎው ወደ ጉሮሮ ይወጣል። ኮምጣጣ ውኃ አፍ ድረስ ይመጣል። ያስገሳል። በልተን ስንተኛ ይብሳል። በልተን ወዲያው ለአረም ስናጎነብስም ይነሳል። ነፍሰ ጡር ሴቶችን ብዙ ጊዜ ይይዛቸዋል።

ምን እናድርግ?

ጥቂት ጥቂት እንብላ። እራት በልተን 3 ሰዓት ያህል ሳንተኛ እንቆይ። ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር እንጨት አስገብተን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ እናድርገው። በርበሬ፣ ቅባት፣ ቡና ወይም አረቄ የሚያስነሳብን ከሆነ እንቀንስ። ሲጋራ እንተው። መቀነታችንን እናላላ።

ብዙዎቻችን ቃር ሲይዘን አምቦ ውኃ እንጠጣለን። ጋዙ ያስገሳናል። ስናገሳ ግን አሲዱም አብሮ ሊወጣ ይችላል። ለጊዜው ቢያቀልልን እንኳ በሽታውን አያድንም።

መቼ ወደ ሐኪም እንሂድ?

ደረት ጨምቆ ከያዘ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንገጭላ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀ፣ ትንፋሽ ካጠረ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። «ይንጋና እንሄዳለን» አንበል። ደም ያስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰውም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ።

ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ቃሩ በሳምንት 2 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስበት ሰው ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ይታይ። መድኃኒት አለው።

ይህን ያነበብን ሁሉ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችን እናንብብለት።