ኮከብን በቀን ማየት

ከወደባችን የሚነሣ መርከብ በቀትር ጂፒኤሱ ቢታወክበት በከዋክብት መመራት ይችላል? ከዋክብቱ ቀንም እዚያው ናቸው፤ የሚሸፍናቸው አየር የሚበትነው የፀሐይ ብርሃን ነው። ስለዚህ ብልሃቱ የሚመለከቱበትን ብርሃን መምረጥ ነው።

የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ እንዲህ ሠሩት። በንጹሕ አየር የብርሃን ሞገድ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ብተናው 16 ጊዜ ያንሳል። ከአረንጓዴ ብርሃን፣ ከ0.5 ማይክሮሜትር፣ ወደ 2 ማይክሮሜትር ኢንፍራሬድ ስንሄድ ሞገዱ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ 16 በ16፣ 256። ሰማዩ ይጨልማል ማለት ነው። እንደ ቤቴልጁስ ያሉ ቀያይ ከዋክብት ደግሞ አብዛኛውን ብርሃናቸውን የሚሰጡት በኢንፍራሬድ ነው።

«ታዲያ ለምን 10 አንወስድም?» አለች አንዲት ተማሪ። እኛንም ቆም አድርጋናለች። ከ3 ማይክሮሜትር ወዲያ አየሩም ቴሌስኮፑም በገዛ ሙቀታቸው ማብራት ይጀምራሉ። በ1.4 እና በ1.9 አካባቢ የውሃ ተን ብርሃኑን ይውጠዋል። የሚቀሩት መስኮቶች 1.6 እና 2.2 አካባቢ ናቸው፤ መሐንዲሶችም የሚመርጡት እነሱኑ ነው። የስልካችን ካሜራ ግን ከ1.1 አያልፍም፤ ሌላ፣ ውድ መመልከቻ ያስፈልጋል። ደመና ከመጣ ደግሞ እሱም አይረዳም።